ቢላዋውን ማን ይያዝ

አባቴ የአደን ወሬ ሲያወራ አፍንጮ በር ሙሉ ይሰማል። ድምፁ ለተራራ የተሠራ ነው፤ ኑሮው ግን ግድግዳ ከግድግዳ በተጣበቀበት ሰፈር ሆነ፣ ምን ይደረግ! አርሲ ደጋ ላይ ተወልዶ አደገ፣ በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ ገብቶ አናጺነት ተማረ፣ እዚሁ አግብቶ እኛን ወለደ። ሰፈርተኛው «አዳኙ» እያለ ነው የሚጠራው። ታዲያ ይኼ አዳኝ በዕድሜው አንዲት ድኩላ እንኳ ጥሎ አያውቅም። ልጅ ሳለ አያቴ ሲያድን ስንቅ ተሸክሞ ይከተል ነበር፣ በቃ። አይደብቀውም ደግሞ። «ገዳይ ነኝ መቼ አልኩ? አዳኝ ነኝ ነው ያልኩት» ብሎ ሁሉን ያስቃል።

ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ግን ቀልዱ ውስጥ ሌላ ነገር ገባበት። «ጉልበቴ ሳይከዳኝ አንድ ጊዜ፣ ተደብቄ ሳይሆን በፈቃድ፣ የአባቴን ተራራ ወጥቼ አንድ የደጋ አጋዘን ብቻ» ማለት ጀመረ። ይህን ሲል ዓይኑ እንባ ያቀራል። ወሬኛነቱን የለመድን ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ሳቅንበት፤ እየቆየ ግን አንጀታችንን በላው።

የእኔ ጣጣ የመጣው ከሥራዬ ነው። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ አንድ ያረጀ ሕንፃ ነበር፣ ያኔ ገና አልፈረሰም። ፎቁ ላይ የውጭ አገር አዳኞችን የሚያስተናግድ ቢሮ ነበረ፤ እኔ እዚያ ስልክ አነሳለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ አስተረጉማለሁ። አባቴ ሥራውን ያገኘሁ ቀን መርቆኝ ነበር። የአደን ፈቃዱ ለማን እንደሚሄድ ሲገባው ምርቃቱን መልሶ ወሰደው። ጊዮርጊስን በተሳለመ ቁጥር ከዘራውን እያንኳኳ ደረጃችንን ይወጣል።

«ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ያገሬን አጋዘን ሲገድል እኔ ባንኮኒ ተደግፌ ማኪያቶ ልጠጣ? ይኼ ፍርድ ነው? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ!»

አለቃዬ የከዘራውን ድምፅ ከደረጃው ሲሰማ መጸዳጃ ቤት ይገባና አይወጣም። የምጋፈጠው እኔ ነኝ።

በእርግጥ አባቴ ከሜዳ ተነስቶ አልነበረም የሚጮኸው። ለእያንዳንዱ ተራራ በየዓመቱ ስንት እንስሳ እንደሚታደን መንግሥት ይወስናል፤ ያን ዓመት ለአያቴ ተራራ የተፈቀደው አንድ ያረጀ ወንድ አጋዘን ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ለሚከፍለው ለውጭ ሰው ነው የሚደርሰው። እዚያ ተራራ ግን አንድ ልማድ አለ፤ ከሥሩ የሚኖሩት ሰዎች ሽማግሌዎች እሺ ካላሉ ማንም ጠመንጃ ይዞ አይወጣም። አለቃዬ በመጨረሻ አቃተውና «ይሁን! እሳቸውም ያመልክቱ፣ ፈቃዱን የጠየቀን ፈረንጅም ያመልክት፣ ሽማግሌዎቹ ይምረጡ፣ እኔ ከመሐል ልውጣ» አለ።

ሁለት ሽማግሌዎች ለዚሁ ጉዳይ አዲስ አበባ መጡ። ቢሮአችን ጠባብ ስለሆነ ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ ካፌ ጠረጴዛ ገጥመን ተቀመጥን። ፈረንጁም መጥቶ ነበር፤ ፊቱ የቀላ፣ ግዙፍ፣ በዕድሜ የአባቴ እኩያ። እሱም ይህን አጋዘን ሲመኝ ዓመታት ቆይቷል፤ ሲቀመጥም ሲነሳም ጉልበቱን ይዞ ያቃስታል። አባቴ ክት ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ሙሽራ መስሎ ደረሰ።

ወዲያው በኦሮምኛ ጀመረላቸዋ! ከብቱን ጠየቀ፣ ዝናቡን ጠየቀ፣ ገብሱን ጠየቀ፣ የሞተውን አለቀሰ፣ የተወለደውን መረቀ። ሽማግሌዎቹ ጥርሳቸው አልከደን አለ። «አለቀ፣ ወሰደው» አልኩ በልቤ። ከዚያ ሁላችንም እንድንሰማው ወደ አማርኛ ዞረና ያችን የፈረደባትን ተረቱን አመጣት፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።

ታላቅየው ሽማግሌ ሻያቸውን ፉት አሉ። ከአባቴ ጋር እኩያ ስለሆኑ አንተ ተባብለዋል።

«ሰርዶውስ ይሁን፣ ወንድሜ። በሬው ግን ይኼን ሁሉ ዘመን የት ከረመ? አጋዘኑ እየወረደ ገብሳችንን ሲበላ ቆርቆሮ እየመታን የምናባርረው እኛ ነን። አንተ ፒያሳ ኬክ ትበላለህ።»

ባንኮኒው ጋ የነበሩት ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ፤ አባቴም ሳቀ። ሽማግሌው ቀጠሉ፤ «አንድ ነገር ነው የምንጠይቃችሁ። አጋዘኑ ተመትቶ ሲወድቅ ቢላዋውን ማን ይያዝ?»

ነገሩ ለእኛ ሰው ግልጽ ነው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን። አውሬም ቢሆን ጥይት ከመታው በኋላ ነፍሱ ሳትወጣ መታረድ አለበት፤ ሥጋው የማን እንደሚሆን የሚወስነው ያረደው እጅ ነው። ሽማግሌዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፣ እኛ ክርስቲያኖች።

ጥያቄውን መጀመሪያ ለፈረንጁ አስተረጎምኩለት። ግራ ገባው። «ቢላዋ? እኔ የምፈልገው ቀንዱን ነው። ሥጋው ለእነሱ ነው። እነሱ ይያዝ ያሉት ሰው ይያዝ» አለ። እውነቱን ልናገር፣ አንዲት ቃል ባጣምም ማን ያውቅብኛል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ልቤ የአባቴ ነበር። ምላሴ ግን የደመወዝ ነው፤ እንዳለ አስተላለፍኩት።

ተራው የአባቴ ሆነ። ደረቱን ነፋ።

«ይኼማ ምን ይጠየቃል! እኔ ራሴ ነኛ! ሮጬ ደርሼ፣ በስመ አብ ብዬ፣ ልክ እንደ አባቴ!»

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። «ምን ትረግጪኛለሽ?» አለኝ ጮክ ብሎ፣ ካፌው ሁሉ እየሰማ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ሽማግሌው ለስለስ ብለው «ታዲያ እኛ ምን እንበላለን?» አሉ።

አባቴ ዝም ቢል ይሻል ነበር። አላለም። «ለእናንተማ በግ እገዛላችኋለሁ!» አለ። የሁለቱም ፊት ጠቆረ። ልመና አልመጡም፤ ገብሳቸውን የበላውን እንስሳ ነው የጠየቁት። ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩና ዘንድሮ አጋዘኑ የእንግዳው ይሁን አሉ።

አባቴ ብድግ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያኖረውን ባርኔጣውን እንኳ ሳያነሳ ወጣ። ባርኔጣውን ይዤ ተከተልኩት። ቁልቁለቱን ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሰው መሐል እየተጋፋ ሲወርድ ሽማግሌ አይመስልም ነበር። የታክሲ ረዳት ክንዱን ይዞ «አባባ፣ ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የቀረኝ» ሲለው ነው የደረስኩበት። እያለቀሰ ነበር።

«በገዛ አባቴ ተራራ እንግዳ ሆንኩ!» አለ። «ከፈረንጅ አነስኩ!»

«አባዬ፣ አጋዘኑን ለማን ብለህ ነው የምትገድለው?»

«ለራሴ ነዋ! ለማን ልግደል?»

«ፈረንጁም ለራሱ ነው። ግን ቀንዱን ይዞ ሥጋውን ትቶላቸው ይሄዳል። አንተ ቀንዱንም ሥጋውንም ነው ያልከው። ለእነሱ የተረፋቸው ጭራሮ የሆነው ገብሳቸው ብቻ ነው።»

ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «አንቺ ለመሆኑ ከማን ወገን ነሽ?»

«ከደመወዜ» አልኩት። አመለጠኝ። ንዴቱ እንዳለ ሆኖ ሳቅ ፈነቀለው፤ እኔም ሳቄ መጣ፤ ያ ሁሉ ሰው እየገፋን መንገድ ዘግተን ሳቅን። ከዚያ እንባውን በእጅጌው ጠረገና ባርኔጣውን ከእጄ ወስዶ፣ ደፍቶ፣ ዳገቱን መልሶ ተያያዘው። እኔም ከኋላው። ሁለት ጊዜ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ።

ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ሻይ ይዘው ነበር። አባቴ ፊታቸው ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «ቢላዋውን የእናንተ ሰው ይያዝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አልቀምሰውም። ለእኔ ተራራው ይበቃኛል።»

ታላቅየው ወደ ፈረንጁ ጠቁመው «ለዚህ ሰው ቃላችንን ሰጥተናል፣ ቃል አይታጠፍም። የሚመጣው ዓመት ግን ያንተ ነው። ጉልበትህን ጠብቅ» አሉት። ተነስተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ፈረንጁ ምን ተባለ ብሎ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ተነስቶ የአባቴን እጅ ጨበጠና የራሱን ጉልበት እያሳየ እንዴት ማሸት እንዳለበት በምልክት ያስረዳው ጀመር። አባቴም ሱሪውን ሰብስቦ የራሱን ጉልበት አሳየው። በጠራራ ፀሐይ፣ ፒያሳ መሐል፣ አባቴና ፈረንጁ ጉልበት ለጉልበት ሲተያዩ! ሞትኩ በሳቅ።

ያን ዓመት አባቴ ታክሲ እርም አለ። ከአፍንጮ በር ጊዮርጊስ በእግሩ፣ ደግሞ መልስ። ሰፈርተኛው «አዳኙ፣ አጋዘኑ አርጅቶ ሳይሞት ድረስበት» እያለ ሙድ ይይዝበታል። እሱ ወይ ፍንክች። ሽማግሌዎቹም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ወቅቱ ሲደርስ ፈቃዱ በስሙ ወጣ። ኮቱን፣ ስንቁን፣ የጉልበት ቅባቱን ይዞ ሄደ። እኔ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ገደል ገባ ይሉኛል እያልኩ ስደነግጥ ከረምኩ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ደወለ። ከበስተኋላው ሳቅ፣ የሕፃናት ጫጫታ፣ የሚንጣጣ እሳት ይሰማል።

«አባዬ! ደህና ነህ?»

«አገኘሁት!» አለ። «አባቴ ይቆምበት የነበረው ዐለት ላይ ሆኜ! አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም።»

«ማን አረደው?»

«የሽማግሌው ልጅ። ቢስሚላህ ሲል እኔ ባርኔጣዬን አወለቅኩ።»

«አሁንስ ምን እያደረግክ ነው?»

«ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ እየበላ ነው። ሕፃናቱ ቅልጥም ይሻማሉ። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ የገብስ ቆሎ እቆረጥማለሁ።»

ያን ያህል ተመኝቶ፣ ያን ያህል ተጉዞ፣ ቆሎ! «ውይ አባዬ፣ ሳትቀምሰው?» አልኩት።

ቆሎውን ሲቆረጥም ይሰማኛል።

«ልጄ» አለኝ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ጠግቤ አላውቅም።»