እጇን ያወጣችው መምህር

የሃይማኖቶች ትምህርት መምህሯ እንግዳ በተጋበዘ ቁጥር ወንበሯን ለቅቃ ከኋላ፣ ጉልበቷ በማይገባበት የተማሪ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። የግራጫ ሹራቧን እጅጌ ጠመኔ አይለየውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሁሉንም ሃይማኖት ጸሎት አስተምራለች፤ ስለራሷ እምነት ግን ክፍል ውስጥ ትንፍሽ እንዳትል የትምህርት ቤቱ ደንብ ይከለክላታል።

ዛሬ የመጡት ከመስጊድ የተጋበዙ አዛውንት ናቸው።

«አባባ፣ ሲሰግዱ ምን ይሰማዎታል?» አለች አንዷ ተማሪ።

«ቤቴ የገባሁ ያህል። አንዳንዴ ደግሞ፣ አትንገሩብኝ እንጂ፣ እንቅልፌ ይመጣል።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። መምህሯን ቅናት አንገበገባት። ይህንኑ ስግደት ሦስት ሳምንት ሙሉ በሥዕል ስታስረዳ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቃትም። ደግሞ በሳቁ ብቻ በቀናች! «ቤቴ» ሲሉ እንዴት ቀለላቸው!

ሳታስበው እንደ ተማሪ እጇን አወጣች።

«እሺ ልጄ» አሉ አዛውንቱ።

«በሩ አልከፈት ያለ ጊዜስ?» ድምጿ ቀጠነ። «ለብዙ ዓመት?»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«ያኔማ ደጅ ቁጭ ነው፣ ልጄ። ባለቤቴ የሞተች ጊዜ እኔ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ።»

ይህንንም በልጆች ፊት አፍ ሞልተው መናገር በመቻላቸው ቀናችባቸው።