የአያ ደመላሽን ተረከዝ ስጠብቅ

ባለፈው ሳምንት ከመተማ በኩል፣ ከገንዳ ውሃ ከተማ የመጡ አንድ ገበሬ በሬን አንኳኩ። ባጃጅ ተገልብጦ አከርካሪዋ የተጎዳ ሴት ልጃቸውን ለሕክምና ጎንደር አምጥተው፣ ከእኔ ሰፈር ዘመድ ቤት አስተኝተዋታል። ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም። «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፤ ቃል አይወጣትም። እንዳንቱ ያለ ሰው ቢያናግራት ይሻላል አሉኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከተሽከርካሪ ወንበሬ ለማንሳት እየታገሉ። እሺ ማለት ቀላል ነበር። እኔ ግን «ላስብበት» ብዬ ሸኘኋቸው። ቀኑን ሙሉ በራሴ አፈርሁ፤ ምክንያቱን ግን አውቀዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከእርሻ ወደ መተማ ዮሐንስ ስንመለስ ከመኪና የሰሊጥ ጭነት ላይ ወደቅሁ። ለወራት ሆስፒታል ተኝቼ ቤቴ ስገባ እግሮቼ የሌላ ሰው ሆነው ነበር። ከሁሉ የከፋው መከር ሲደርስ ነው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ ቀኑ ካለፈበት ፍሬው ተፈልቅቆ መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን መራመድ የቻለ ሁሉ እርሻ ይወርዳል። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እባብ ቢገባስ? ሣር ቤቱን እሳት ቢይዘውስ? የወታደር መኪና ባለፈ ቁጥር ትንፋሼን እይዝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እኔን ለውትድርና አይወስዱኝ። ፍርሃት ከብቸኛ ሰው ጋር ሲውል እንዲህ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል።

ጎረቤታችን አያ ደመላሽ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነበሩ። ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድመው ትራክተሩ ተገልብጦባቸው እንደኔ ሆነዋል። እናቴና ሚስታቸው ተመካከሩና፣ እርሻ ከመውረዳቸው በፊት ጠዋት ጠዋት ሁለታችንንም ከነአልጋችን ተሸክመው በቤቶቻችን መሃል ከተሠራው ዳስ ሥር ያወጡን ጀመር።

አልጋዎቹን ያስዞሩት እሳቸው ናቸው፤ የእኔ ራስጌ በእሳቸው ግርጌ፣ የእሳቸው ራስጌ በእኔ ግርጌ በኩል እንዲሆን። «የራሴን ተረከዝ አላየው፣ አይሰማኝ። አንቺ የኔን እይ፣ እኔ ያንቺን አያለሁ» አሉ። ያልተገላበጠ ገላ እንደሚቆስል፣ ቁስሉም አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ የተማሩት በዚያው ተረከዛቸው ነው፤ ገና አልዳነም ነበር። መሬት ላይ ድንጋዮች አስደርድረው፣ የዳሱ ምሰሶ ጥላ ከአንዱ ወደ አንዱ በተሻገረ ቁጥር «ተገልበጪ!» ይሉኛል።

«እግሬን ሰው ሲያየው አፍራለሁ» ብላቸው፣

«ለጋብቻ የማየው መሰለሽ? እንደ ትራክተር ጎማ ነው የማየው! ቀዳዳ ካገኘሁበት እነግርሻለሁ» አሉኝ።

ምሳችን የማሽላ እንጀራ በደረቅ ባሚያ ወጥ ነበር፤ መጠጣችን ከሱዳን በኩል የሚገባው ቀይ የከርከዴ አበባ ጭማቂ። እኔ ከመሠረተ ትምህርት መጽሐፌ አነብላቸዋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ ስለሆነ እንተባተብ ነበር፤ እሳቸው አንዲት ቃል ሳያሳልፉ ያርሙኛል።

ጉንዳን እንዳይወጣብን የአልጋዎቹ እግሮች ውሃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ይቆማሉ። አንድ ቀን ጠዋት ያለወቅቱ ደመና ታየ። የታጨደው ሰሊጥ ሳይረግፍና ሳይበሰብስ እንዲሰበሰብ ሁሉም ሮጡ፤ ጣሳዎቹን የሞላ ሰው አልነበረም። ደመናው ሳይዘንብ ተበተነ፤ የቆላው ፀሐይ በጣሳዎቹ የቀረችውን ውሃ ጨረሳት።

እኩለ ቀን ላይ አያ ደመላሽ ትኩሳት ይዟቸው ተኝተዋል። ከመጽሐፌ ቀና ስል ተረከዛቸው የታሰረበት ጨርቅ ተንቀሳቀሰ። እግራቸው የዳነ መሰለኝ! በደስታ ልጮህ አፌን ከፈትሁ። ጨርቁ ጠቆረ። ከደረቀው ጣሳ እስከ ቁስሉ ድረስ የጉንዳን ሰልፍ ተዘርግቷል።

«አያ ደመላሽ! ይንቁ! ጉንዳን!»

«የት?»

«ተረከዝዎ ላይ!»

በክንዳቸው ሊነሱ ሞከሩ፤ ትኩሳቱ መልሶ ጣላቸው። «ተጣሪ» አሉኝ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ተጣራሁ፤ መንደሩ ባዶ ነው። ፊታቸው ላይ ሕመም አልነበረም። ገላው እየተበላ የማይሰማው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ፤ ዛሬም አልረሳሁትም።

«እንዳትወርጂ! ዳግመኛ ትሰበሪያለሽ!» አሉ፣ ያሰብሁትን አውቀው።

ከጭነቱ ላይ ከወደቅሁ ወዲህ የአልጋ ጠርዝ ያንቀጠቅጠኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ራሴን ጣልሁ። አልጋው ዝቅተኛ ነው፤ መሬቱ ግን ቶሎ አልደረሰልኝም። በክርኔ እየተጎተትሁ ሄጄ ጨርቁን ፈታሁ፤ በመሃላችን የነበረውን ውሃና ከርከዴ እግራቸው ላይ ደፋሁ፤ የቀሩትን ጉንዳኖች አንድ በአንድ ነቀልሁ። ጣቶቼን ነከሱኝ። ንክሻው በመሰማቱ ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል?

«አሁን አንቺን ማን ያነሳሻል?» አሉ።

«መከሩ ሲያልቅ ያነሱኛል።»

ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲዞር ፊቴን ወደ ሌላ አዞርሁላቸው። እናቴና ሚስታቸው እስኪመጡ አፈር ላይ ተኝቼ ዋልሁ። እሳቸው በትኩሳት እየነደዱም ጥላውን አላሳለፉትም፤ «ተገልበጪ!» ይሉኝ ነበር።

በዓመቱ አጎቴ ጎንደር ወስዶ ትምህርት ቤት አስገባኝ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ከሕፃናት ጋር ሦስተኛ ክፍል ተቀመጥሁ። ስሰናበታቸው አያ ደመላሽ «ሂጂ፤ ሳትማሪ ከተመለስሽ ግን አላውቅሽም» አሉኝ። ከእንግዲህ ማን አብሯቸው እንደሚውል አልጠየቅሁም። መልሱን ፈራሁ። በሚቀጥለው ክረምት ያው ቁስል ገደላቸው። ባልሄድ ይድኑ ነበር ብዬ አልጽፍም፤ አላውቅም። ብቻቸውን እንደነበሩ ግን አውቃለሁ።

«ላስብበት» ያልሁትም ለዚህ ነው። ከልጅቷ ጋር መቀመጥ አላስፈራኝም፤ አንድ ቀን አጽናንቼ፣ ምርቃት ተቀብዬ መመለስ ነው ያስፈራኝ። ብቻውን የቀረ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የሚሸሽን እግር መለየት ነው።

ዛሬ ጠዋት ለአባቷ ደወልሁ።

«ይመጣሉ?» አሉ።

«እመጣለሁ። በየሳምንቱ ከሆነ ብቻ ነው ግን፤ አንድ ቀን ብቻ አልመጣም።»

ስልኩን ከአፋቸው አርቀው «በየሳምንቱ ነው አሉ፣ ልጄ» ሲሉ ሰማሁ። ከሩቅ የሻከረ የልጃገረድ ድምፅ መጣ፦

«በምን ቀን?»