ሰማያዊው ውሃ አይደለም

ሃያ ስድስት ዓመት ጉድጓድ ቆፍሬአለሁ። ከእኔ በላይ ላሳር የምል ሰው ነበርኩ፤ አልክድም። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ራሴ ሳይሆን ካርታ ስለምታነበው ልጅ ነው። ዕድሜ ይስጣት!

እህቴ የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ናት። ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ ውሃዋን በጀሪካን አስይዛ ነበር የምትመጣው። እኔ ሁለት ቦታ ቆፍሬ ሁለቱም ላይ አቧራ አወጣሁ። "ሦስተኛውም ደረቅ ከሆነ ማዋለጃ ክፍሉ ይዘጋል" ተባለ። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ከዚያ ከመሬት ሥር ውሃ የሚፈልግ ሄሊኮፕተር መጣ። ከሆዱ ሥር ትልቅ ቀለበት አንጠልጥሎ ሦስት ቀን ሙሉ ከሜዳው በላይ ሲመላለስ ሰነበተ። ቀለበቱ ወደ መሬት ሞገድ ይልክና ከሥር የሚመለሰውን ይለካል። ልኬቱን በቀለም ካርታ አድርጋ ያመጣችልን ያቺ ካርታ የምታነበው ልጅ ናት። እኔ ሆዬ፣ ካርታው ገና ሲዘረጋ ጣቴን ደማቁ ሰማያዊ ላይ አሳረፍኩ።

"ይኸውላችሁ ውሃው! ማሽኑን አምጡ!"

"ጋሼ፣ ሰማያዊው ውሃ አይደለም" አለችኝ ቀስ ብላ። "ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፈውን ነው በሰማያዊ የቀባነው። ወይ ጭቃ ነው፣ ወይ ጨዋማ ውሃ። የምንፈልገው ይሄን ቢጫ ነው፤ አሸዋና ጠጠር፤ የሚጠጣው ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ውስጥ ነው።"

ደሜ ፈላ። "ቢጫ ውሃ የት አይተሻል? እኔ መቆፈር ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም!"

አልተቆጣችም። ሰማያዊው ቦታ ዳር ወዳለ፣ ሰው ቆፍሮ ወደተወው ጉድጓድ ወሰደችኝና በባልዲ ቀዳች። "ይቅመሱት።" ቀመስኩት፤ ወዲያው ተፋሁት። ጨው በጨው! እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ማሽኑን ወደ ቢጫው አስነዳሁ።

አርባ ሜትር ስንወርድ አሁንም ደረቅ። ዞር ብዬ ሳያት ከንፈሯን ነክሳለች። ለካ እሷም ፈርታለች! ሃምሳ ሁለት ሜትር ላይ ጠጠሩ ረጥቦ ወጣ፤ ከዚያ ውሃው ተከተለ። ቀድማ የቀመሰችው እሷ ናት፤ ቀምሳ እንደ ሕፃን ዘለለች።

ቧንቧው ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ የተተከለ ዕለት እህቴ እጇን ታጥባ ወደ ወላዷ ገባች። እኔ ለልጅቷ ደወልኩና ቧንቧውን ከፍቼ ስልኩን አጠገቡ ያዝኩት። "ስሚው፣ ልጄ!"

 "በከንቱ አይፍሰስ ጋሼ፣ ይዝጉት" አለችኝ።

ስዘጋው ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ።

"ይሄስ?" አለችኝ።

"ይሄማ፣ አንቺ ባትኖሪ የት ይወለድ እንደነበር እንጃ።"