የከበደ መሪ ሁሉ ጥሩ መሪ አይደለም

«ጋሼ፣ መሪ ከከበደ ተማም ነው፣ እንከን የለውም፤ ምንም አይንኩት።»

ይህን ያለኝ የመኪና ጌም መጫወቻ መሪ የሸጠልኝ የመተማ ነጋዴ ነው። መሪውን የገዛሁት የመንጃ ፈቃድ ፈተና የደረሰባት ልጄ ቤት ውስጥ እንድትለማመድበት ነበር። ነጋዴው መሪው በውስጡ ባለ ሞተር እጅን የሚታገልበትን ኃይል እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሰጠኝ፤ እኔም አመንኩት።

ዛሬ ጠዋት በሽንፋ መንገድ ፒካፓችንን እንድትነዳ ሰጠኋት። ኩርባው ላይ ስትደርስ ቤት እንደለመደችው በሙሉ ጉልበቷ ጠመዘዘችው። የፒካፑ መሪ ግን ቀላል ነው። የሰው ሰሊጥ ውስጥ ገብተን ነዶ ላይ ቆምን።

ባለ ሰሊጡ መጣና «ጋሼ፣ ያመጡት ሹፌር ነው ወይስ አጫጅ?» አለኝ።

ልጄ አልሳቀችም። «አባዬ፣ ያ መሪህ እኮ ትራክተር ነው! ሁለተኛ መኪና አልነዳም» አለችኝ።

ስለ ትራክተሩ እውነቷን ነው። እኛ ቆለኞች በአሮጌ ትራክተር ስላደግን ክብደት ጥራት ይመስለናል።

ቤት ገብቼ ኃይሉን ወደ ግማሽ አወረድኩት። ያን ጊዜ የመንገዱ ጠጠርም የጎማው መንሸራተትም ለየብቻ እጄ ላይ ተሰማኝ። እስከ ጥግ ሲከፈት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ክብደት ይሆናል።

ልጄን «ነይ ሞክሪው» ብላት እምቢ አለች።

እናንተስ መሪያችሁን ስንት ላይ አደረጋችሁት? ማን መከራችሁ?

ነጋዴው ስደውልለት ስቋል። ስለዚህ እዚሁ ልንገረው፦ ምክርህ ስህተት እንደነበር እስከ መጪው ዓርብ በጽሑፍ አስታውቅ፤ እንደገና እንድትነዳ ለልጄ የማሳያት ጽሑፍህን ነው። «ተማም» የሚል መልስ አልቀበልም።