ቃልቤሳ የሚሰቅለው ባንዲራ

ቃልቤሳ በሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ በአንድ የስቴት መሥሪያ ቤት ግቢ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። በረዶ ይጠርጋል፣ ሣር ያጭዳል፣ አምፖል ይቀይራል። ከሁሉ የሚወደው ግን የማለዳውን ሥራ ነው። ከሚሲሲፒ ወንዝ የተነሣው ጉም ሕንፃዎቹን ሳይለቅ፣ ሁለት ባንዲራ ታቅፎ ይወጣና ገመዱን ቀስ እያለ ይስባል። ከላይ የአገሪቱ፣ ከሥር የሚኒሶታ። ጨርቆቹ ጉሙ ውስጥ ገብተው ሲጠፉ፣ ከወዲያ በኩል የማይታይ እጅ ገመዱን የሚቀበለው ይመስለዋል።

አንድ መኸር ላይ አለቃው ዳያን፣ «ስቴቱ ባንዲራውን ሊቀይር ነው» አለችው።

«ዋሽንግተን ፈቀደ?»

ዳያን ሳቀች። «ዋሽንግተን ምን አግብቶት? የኛ የሚኒሶታዎቹ ነው እኮ!»

ቃልቤሳ አልሳቀም። አገር ቤት ባደገበት ከተማ ኩምሳ የሚባል የክፍል ጓደኛው ደብተሩ ላይ ያልተፈቀደ ባንዲራ ሣለ ተብሎ ሁለት ዓመት ታስሯል። ከዚያ ወዲህ ቃልቤሳ ሚኒያፖሊስም ቢሆን ሰልፈኞች ባንዲራ ይዘው ሲመጡ ካየ መንገድ ይሻገራል።

ያን ዕለት ሪችፊልድ ወደሚገኘው ቤቱ ገብቶ ራት ላይ ወሬውን አነሣው። ልጁ ፈነት ሰምታዋለች። «ዳድ፣ ኤኒዋን ካን ሰብሚት! ማንም ሰው ሥዕል መላክ ይችላል፤ አንተም ሣልና ላክ።»

«ስም ይጻፋል?»

«የስ። ስምና አድራሻ።»

ሚስቱ ከሚሪያ ሣህኑ ላይ እየጨመረችለት፣ «ማን ሊያስርህ ነው?» አለችው በኦሮምኛ።

ነገሩ ግን አልለቀቀውም። ሣር ሲያጭድ፣ መኪና ሲነዳ፣ አንድ የባንዲራ ሥዕል ዓይኑ ላይ ይመጣበታል፤ ሰማይ ይሁን ሐይቅ ያልለየለት ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ በጉም ውስጥ የሚታይ አንድ ነጭ ኮከብ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የፈነትን ቀለሞች ይዞ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሲጨርስ ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ እጁ ቆመ። ፈነት አጠገቡ ቆማለች። በመጨረሻ በትልልቁ «ቃልቤሳ ኦዳ» ብሎ ጻፈና ትንፋሹን ለቀቀ።

አልተመረጠም። የላከው ሰው ከሁለት ሺሕ በላይ ነበር። በተመረጠው ላይም ነጭ ኮከብ አለ። ከሚሪያ «ያንተን ወሰዱብህ» ብላ ስትቀልድ፣ «ኮከብማ የሁሉም ነው» አለና ሳቀ።

በግንቦት አዲሱን ባንዲራ ሰቀለው። የዚያን ቀን ጉም አልነበረም። ሁለቱ ጨርቆች ባንድ ገመድ ላይ ከላይና ከሥር ሆነው ሲውለበለቡ ሥራውን ረስቶ አንጋጦ ቀረ። አገር ውስጥ ያለ አገር፣ የራሱን ጨርቅ ራሱ መርጦ፣ ከላዩ ካለው ጋር ሳይጣላ ይወዛወዛል። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። አንድ መንገደኛ ቆም ብሎ «ያስጠላል!» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

በሳምንቱ ጎረቤቱ ሮጀር፣ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ ግቢው ውስጥ አሮጌውን ባንዲራ ሰቅሎ ተገኘ። ቃልቤሳ ይህን ካየ ወዲህ ፖሊስ መቼ ይመጣ ይሆን እያለ በመስኮት ይመለከት ጀመር። ማንም አልመጣም። ፖስተኛዋ ለሮጀር ደብዳቤ ሰጥታ አለፈች፤ ልጆች በብስክሌት አለፉ።

አንድ ቀን ቃልቤሳ ከሥራ ሲመለስ ሮጀር ከተቆላለፈ ገመድ ጋር ሲታገል አየውና አጥሩ ጋ ሄደ።

«አዲሱን አልወደድኩትም» አለ ሮጀር፣ ሳይጠየቅ።

«እኔ ነኝ በየጠዋቱ የምሰቅለው።»

ሽማግሌው ትንሽ አፈረ። ከዚያ ገመዱን አቀበለው። «እንግዲያው ሥራውን ታውቀዋለህ።»

ቃልቤሳ ቋጠሮውን ፈታና አሮጌውን ባንዲራ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሳበው። የማታ ፀሐይ ጨርቁን ወርቃማ አደረገችው። መሐሉ ላይ አንድ ገበሬ ያርሳል፤ ከአገሩ ነባር ሕዝብ የሆነ አንድ ፈረሰኛ ደግሞ እየጋለበ ይርቃል።

«ይሄ ፈረሰኛ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ ቃልቤሳ።

ሮጀር ዓይኑን አጥብቦ ለረጅም ጊዜ አየው። «አላውቅም» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቄም አላውቅ።»

ነፋሱ እስኪበርድ ሁለቱም አንጋጠው ቆዩ።