የኦቦ ጃለታ ፈሰስ

ኦቦ ጃለታ ሱሉልታ ውስጥ ከገብስ ማሳቸው ዳር የሚወርደውን ቀጭን መንገድ ሠላሳ ዓመት ሲጠግኑ ኖረዋል። ክረምት ሊገባ ሲል ዶማቸውን ይዘው መንገዱን ሰያፍ እየቆረጡ ፈሰስ ያወጣሉ፤ የዝናቡ ውሃ በዚያ ቦይ ወደ ገደሉ ይሄዳል እንጂ ማሳ አይገባም። የተራራ ብስክሌት ነጂዎች መምጣት ሲጀምሩም፣ «መንገድ የእግዜር ነው፣ እለፉ» ብለው ፈቀዱላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የነጂዎቹን ቀይና ቢጫ ቆብ እየቆጠሩ ማየት ደስታቸው ሆነ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ነጂዎቹ ውለታ ሊመልሱ ፈለጉ። ኦቦ ጃለታን ሳይጠይቁ፣ ፈሰሶቹ ጉድጓድ መስለዋቸው በአፈር ደፈኗቸው፤ መንገዱንም ልሙጥ አድርገው ሄዱ። ማክሰኞ ዝናብ ጣለ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ገና ጣት ያላከለውን ገብስ ከማሳው ጥግ ጠርጎ ወሰደ። ኦቦ ጃለታ የቀጋ እሾህ ቆርጠው መንገዱን አጠሩት።

ቅዳሜ ጠዋት የነጂዎቹ አስተባባሪ ትህትና አሥር ባልደረቦቿን አስከትላ ከእሾሁ ፊት ቆመች።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ጃለታ?» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለች፣ ከሆሳዕና ይዛው በመጣችው ቅላጼ።

«ነጋ፣ ደህና» አሉ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ።

«ምን አጠፋን?»

«እናንተ የውሃውን በር ዘጋችሁ፤ እኔ የእናንተን።»

ማሳውን አየችና ፊቷ ደም መሰለ። «አባቴ፣ ያሳመርንልዎት መስሎን ነው! መልሰን እንቆፍራለን።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ደራርቱ ከአጥሩ ወዲያ ሳቁ። «በነዚህ እጆችሽ? ዶማ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ያስተምሩኛላ!»

ኦቦ ጃለታ የቀረውን ገብስ አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ከዚያ ዶማውን አቀበሏት።

«ቀጥ አድርገሽ አትቁረጪ። ሰያፍ፣ እንደዚህ። ውሃ አይከለከልም፤ ይሸኛል።»

አሥራ አንዱም ነጂዎች ተራ በተራ ቆፈሩ። ጎማ ቦዩን እንዳይንደው ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፉበት፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ የመረጡት ወይዘሮ ደራርቱ ናቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። ሁሉም ባህር ዛፉ ሥር ተጠግተው አፈጠጡ። ድፍርሱ ውሃ መጣ፣ መጣ፣ ከመጀመሪያው ፈሰስ ሲደርስ ታጠፈና ወደ ገደሉ ወረደ። ወደ ገብሱ አንዲት ጠብታ አልዞረችም። ያን ጊዜ የነበረው እልልታ! ኦቦ ጃለታ እሾሁን በገዛ እጃቸው ጎትተው ጣሉት። ቀጥለው የትህትናን ብስክሌት ዞረው አዩት።

«የዚህ ልጓሙ የት ነው?»

«እዚህ ጋ፤ ሲጨብጡት ይቆማል።»

ኦቦ ጃለታ ኮርቻው ላይ ጉብ አሉ።

«አንተ ሰውዬ! ከበቅሎ ወድቀህ የተጎዳው ወገብህ ገና አልዳነም!» አሉ ወይዘሮ ደራርቱ።

ማን ሰምቷቸው! ጋቢያቸው እየተውለበለበ፣ በገዛ ፈሰሳቸው ላይ ተንገጫግጨው አለፉ።