ያልታሸው እግሬ

ግራ እግሬ ሲያብጥ ለጸሎት ጓደኞቼ «ሥራ ላይ ቆሜ ስለምውል ነው» አልኳቸው። ዋሸሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። እውነቱ ሌላ ነበር። ለጡት ካንሰር የኬሞ ሕክምና እየወሰድኩ ሳለ፣ በሦስተኛው ዙር እግሬ ውስጥ ደም ረጋ። በየቀኑ ሆዴን ቆንጠጥ አድርጌ የደም ማቅጠኛ መርፌ ራሴን እወጋለሁ። ነርሷም «እግርሽን እንዳታሳሺ! የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባሽ ቢሄድ አደጋ ነው» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

ለምን ደበቅሽ ካላችሁኝ፣ ካንሰር የሚለው ቃል ሲሰማ ቤቱ ወዲያው ለቅሶ ቤት ይሆናል። ፀጉሬ ስለረገፈ ሻሽ ማዘውተሬን እንኳ «ዘንድሮ መንፈሳዊነት በዝቶባታል» ብለው ተርጉመውታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር ባለችው ጠባብ አፓርታማዬ ስድስት ሴቶች ለጸሎት ተሰበሰብን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት እማማ፣ ወለምታ ለማሸት ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከክሮይደን ድረስ የሚጠሩ ናቸው። ጸሎቱ ሲግል ከቦርሳቸው የወይራ ዘይት አወጡ።

«ነይ ልቀባሽ።»

ዘይት መቀባትን ማን እምቢ ይላል? ግንባሬን ሰጠሁ። ቀቡኝ፣ ጸለዩ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው የቀሚሴን ጫፍ ያዙ።

«እማማ፣ ግንባሬ ይበቃል!»

«ያበጠው ግንባርሽ ነው እንዴ?»

እግሬን ሰብስቤ ከሶፋው ተነሣሁ። እሳቸውም ተነሡ። እኔ በአንድ እግሬ እያነከስኩ፣ እሳቸው ዘይት የሚንጠባጠብ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሶፋውን ዞርነው። ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው «አሜን! አሜን!» ይላሉ። ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ትንፋሼ አለቀ።

«እማማ፣ ካንሰር ነው! እግሬ ውስጥ ደም ረግቷል! ካሹኝ ይገድለኛል!»

«አሜን!» አለች አንዷ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

ወዲያው የሰማችው ገባት። ዓይኗን ገልጣ አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ፊቷን ሳይ ሳቄ አመለጠኝ። እማማም ሶፋው ላይ ዘጭ ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እንባቸው ግን ይወርድ ነበር።

«አንቺ ጉደኛ! በዚህ ዕድሜዬ ነፍሰ ገዳይ ልታደርጊኝ?»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«እናንተ ደግሞ ስሙ!» አሉ ወደ ሌሎቹ ዞረው። «ይቺን እግር የነካ ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ!» ከዚያ የተቀባ እጃቸውን አዩና ግራ ገባቸው። «ዘይቱንስ ምን ላርገው? የማይከለከል የት አለሽ?»

«እጄን፤ ቀስ ብለው።»

መዳፌን እንደ እንቁላል ተቀበሉት። በአውራ ጣታቸው ለስለስ እያደረጉ ሲቀቡኝ፣ ለወራት የነካኝ ሁሉ ጓንት ያጠለቀ እንደነበር ትዝ አለኝ። ሳቄ ገና አላባራም ነበር፤ ሌላኛውንም እጄን ዘረጋሁላቸው።